ፎቶ አልሄድ ያለ ስልክ ሁሉ ፎርማት አይደረግ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የተከበራችሁ አዘጋጆች፦

በጎንደር ከተማ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለኝ። ቀድሞ ደንበኛ ወደ እኔ የሚመጣው ወረቀት ይዞ ነበር፤ አሁን የሚበዛው ስልኩን ይዞ የሚመጣው ነው። ጉርድ ፎቶውን ሊያሳትም፣ የልጁን የትምህርት ማስረጃ አንሥቶ ለመሥሪያ ቤት ሊልክ፣ የከፈለበትን ደረሰኝ ለትምህርት ቤት ሊያደርስ ይመጣል፤ ከእነዚህም ጥቂት የማይባሉት «ጽሑፍ ይሄዳል፣ ስልክም ይደውላል፣ ፎቶ ግን አልሄድ አለኝ» ይላሉ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው። ባለቤቱ ስልኩን ወደ ጥገና ቤት ይወስደዋል፤ በአንዳንድ ጥገና ቤቶች ደግሞ «በየትኛው መተግበሪያ ነው? የት ሆነው ሲልኩ ነው? ወደ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሳይኖር ስልኩ ፎርማት ይደረጋል። ሰውየው የዓመታት ፎቶውን፣ ሌላ ቦታ ያልገለበጠውን የስልክ ቁጥር ሁሉ፣ አንዳንዴም የሟች ወላጁን የተቀዳ ድምፅ አጥቶ ይወጣል። በማግሥቱ ፎቶው እንደገና አልሄድ ይለዋል፤ ጥፋቱ መጀመሪያውኑ ስልኩ ውስጥ አልነበረምና።

ነገሩን ለመረዳት ጽሑፍና ምስል ከስልካችን የሚወጡበት መንገድ የተለያየ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚጓዘው ስልኩ ከኔትወርኩ ጋር ዘወትር በሚገናኝበት የመቆጣጠሪያ መስመር ላይ ነው፤ የሚሸከመውም በአንድ ጊዜ ከ140 ባይት የማይበልጥ ስለሆነ፣ ዳታ ባይከፈት፣ የኢንተርኔት ጥቅል ባይኖር፣ ሲግናሉም ደካማ ቢሆን ብዙውን ጊዜ ይደርሳል። ምስል ግን ዳታ ይፈልጋል። በስልኩ በራሱ የመልእክት መተግበሪያ በኩል የሚላከውና ኤምኤምኤስ የሚባለው የምስል መልእክት እ.ኤ.አ. በ2002 በአውሮፓ ለገበያ የቀረበ አገልግሎት ሲሆን፣ አሠራሩ በመሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው። ላኪው ስልክ ምስሉን በዳታ መስመር ወደ ቴሌኮም ኩባንያው የምስል መልእክት ማዕከል ይጭናል፤ ማዕከሉ ምስሉን አስቀምጦ ለተቀባዩ ስልክ ዓይን የማያየው አጭር ማስታወቂያ በጽሑፍ መስመር ይልካል፤ የተቀባዩ ስልክም ማስታወቂያው ሲደርሰው በራሱ ዳታ ወደ ማዕከሉ ሄዶ ምስሉን ያወርዳል። የአንዱ ሰው ስልክ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሌላው ዳታ ስለተዘጋ ብቻ ምስሉ ማዕከሉ ውስጥ ተቀምጦ ሊቀር፣ የማቆያ ጊዜው ሲያልፍም ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ «ላክሁ» የሚለውም «አልደረሰኝም» የሚለውም እውነት ተናግረው ሲጣሉ አይቻለሁ።

ኤምኤምኤስን የሚያሰናክለው ሌላው ነገር ኤፒኤን የሚባለው ቅንብር ነው። ስልኩ ወደ ኢንተርኔት የሚገባበት ስምና የምስል መልእክት ማዕከሉ አድራሻ የተጻፉት በዚህ ቅንብር ውስጥ ነው፤ የኢንተርኔቱ ክፍል ተሞልቶ የምስል መልእክቱ ክፍል ባዶ ከሆነ፣ ስልኩ ቪዲዮ እያጫወተ ምስል መላክ ግን ያቅተዋል። ይህ በብዛት የሚያጋጥመው ዘመድ ከውጭ አገር በላከው ስልክ ላይ ነው፤ ስልኩ ሲሠራበት የነበረውን አገር ኩባንያ ቅንብር እንደያዘ ይመጣልና። መፍትሔው ፎርማት ማድረግ ሳይሆን በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ ከሚለው ሥር ኤፒኤን የሚለውን ከፍቶ ወደ ነባሪው መመለስ ነው፤ ይህም ካልሆነ ለኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት፣ ለምሳሌ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ደውሎ ትክክለኛውን ቅንብር መጠየቅ ይቻላል። በአይፎን ላይ ደግሞ በመልእክት ሴቲንግ ውስጥ የኤምኤምኤስ ማብሪያው ተዘግቶ እንደሆነ ማየት ይገባል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አገልግሎቱን ከጀመረ ወዲህ በከተማችን ሁለት ሲም የሚይዝ ሰው በዝቷል፤ ዳታው በአንደኛው ሲም በርቶ መልእክቱ ከሌላኛው ሲም እንዲወጣ የተደረገ ስልክም ምስል ሲላክበት ይንገታገታል። የሚላክበትን ሲምና ዳታ የበራበትን ሲም አንድ ማድረግ የደቂቃ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ በተለይ በእኛ ፊደል ለሚጽፍ ሰው የሚደርስ ችግር ስላለ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ከላይ የጠቀስሁት 140 ባይት በላቲን ፊደል ለሚጽፍ 160 ፊደላትን ያስይዛል፤ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ የሚያዘው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡም ተቆጥረው። መልእክቱ ከዚያ ሲረዝም ስልኩ ከፋፍሎ ይልከዋል፤ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ የመገጣጠሚያ ምልክት ስለሚጨመርበትም የሚይዘው ወደ 67 ፊደል ይወርዳል። ብዙ ስልኮች ላይ የክፍሎቹ ቁጥር ከተወሰነ መጠን ካለፈ መልእክቱ ሳይታወቅ ወደ ኤምኤምኤስ ይለወጣል። ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲላክም በአንዳንድ ስልኮች ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። የእድር ጸሐፊ የቀብር ሰዓትና ቦታ የሚገልጽ ረዘም ያለ ማስታወቂያ ለአባላት ሁሉ በአንድ ላይ ቢልክ፣ ምንም ፎቶ ሳያያይዝ የላከው ጽሑፍ እንደ ምስል መልእክት ተቆጥሮ፣ ዳታ የከፈተ አባል ዘንድ ደርሶ ዳታ ያልከፈተው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል፤ ያልደረሳቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትንሿን ስልክ የያዙት አረጋውያን ናቸው። በመልእክት መተግበሪያው ሴቲንግ ውስጥ የቡድን መልእክት እንዴት ይላክ የሚል ምርጫ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል በአጭር መልእክት እንዲላክ ማድረግ፣ ማስታወቂያውንም አሳጥሮ መጻፍ ነገሩን ይፈታዋል። የእድር ጸሐፊዎች ይህን ቢያውቁ ብዙ ቅያሜ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከውጭ አገር የሚላከው ምስል ሌላ ጉዳይ ነው። «ልጄ፣ አሜሪካ ያለችው እኅቴ የልጇን የክርስትና ፎቶ ልኬልሻለሁ ትላለች፤ እስቲ ፈልግልኝ» የሚሉኝ እናቶች አሉ። አሜሪካ ያለ ሰው ፎቶ ሲልክ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ስልኩ ላይ በተፈጥሮው ያለውን የመልእክት መተግበሪያ ነው፤ ከአይፎን ወደ አይፎን ከሆነ በኢንተርኔት ይጓዛል፤ ወደ ሌላ ስልክ ሲሆን ግን እንደ ሁኔታው ወደ ኤምኤምኤስ ይለወጣል። ኤምኤምኤስ ከአንድ አገር ኩባንያ ወደ ሌላ አገር ኩባንያ የሚያልፈው በሁለቱ መካከል ስምምነት ሲኖር ነው፤ በሌለበት ምስሉ በመንገድ ይቀራል፤ ላኪዋም ስልክ ላይ የተላከ ይመስላል። እናቲቱ ስልክ ውስጥ የሚፈለግ ነገር የለም። እኅቷ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንድትልከው መንገር ብቻ ነው።

ዛሬ አብዛኛው ፎቶ የሚሄደውም በእነዚሁ መተግበሪያዎች ነው፤ እነሱ ኤፒኤን ውስጥ ያለውን የምስል መልእክት አድራሻ አይፈልጉም፣ ኢንተርኔት ካለ ይበቃቸዋል። ከመደናገጥ በፊት ከፎቶው ጥግ ያለችውን ትንሽ ምልክት ማንበብ ጠቃሚ ነው። የሰዓት ምልክት ከሆነች ፎቶው ገና ከስልኩ አልወጣም፤ ቀይ የቃለ አጋኖ ምልክት ከሆነች መላኩ ከሽፏል። አንድ የራይት ምልክት ከታየ ፎቶው ከእርስዎ ስልክ ወጥቶ መተግበሪያው ማዕከል ገብቷል ማለት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የእርስዎን ስልክ መነካካት ትርፉ ድካም ነው። ሁለት ራይት ሲሆን ሰዎች ይሳሳታሉ፤ በቴሌግራም ሁለት ራይት ተቀባዩ ከፍቶ አይቶታል ማለት ሲሆን፣ በዋትስአፕ ግን ግራጫ ሁለት ራይት ስልኩ ላይ ደረሰ ማለት ብቻ ነው፤ ለመታየቱ ማረጋገጫው ሰማያዊ መሆኑ ነው። በዚህ ልዩነት የተነሣ «አይተህ ዝም አልኸኝ» የተባለ ወዳጅ ሁሉ ይህን ቢያስነብብ ደስ ይለኛል።

የሰዓቷ ምልክት አልጠፋ ስትል በቅድሚያ መታየት ያለበት የፎቶው መጠን ነው። ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ የሚገዛ ስልክ የሚያነሣው አንድ ፎቶ ከሦስት እስከ አምስት ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ መተግበሪያው ረጅሙን ጎን በተለምዶ ወደ 1280 ነጥብ አሳንሶ ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ያወርደዋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ምንም ሳይነካ እንዳለ ይሄዳል። ኔትወርኩ ወደ ቱጂ በወረደበት ገጠር፣ ስልኩ አናት ላይ ኢ የምትል የላቲን ፊደል በምትታይበት ቦታ፣ ወደ ላይ የመጫን ፍጥነቱ በሰከንድ 60 ኪሎቢት (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው) ነው እንበል፤ 200 ኪሎባይት የሆነው ፎቶ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይወጣል፣ አራት ሜጋባይት የሆነው ፋይል ግን ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ሳይቋረጥ መጫን አለበት። በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ስልክ ይደወላል፣ የመተግበሪያው መስኮት ይዘጋል፣ ባለቤቱ ከአንድ የኔትወርክ ማማ ክልል ወደ ሌላ ይራመዳል። በእኔ ሥራ በኩል ሲታይ ደግሞ ተቃራኒው ይፈለጋል፤ ጉርድ ፎቶ ሊታተም ሲሆን እንደ ፋይል የተላከው ይሻላል፣ የታመቀው ሲታተም ፊት ይደበዝዛልና። ስለዚህ ለሚታተም ፎቶ ፋይል፣ ለሚነበብ ደረሰኝ ደግሞ ፎቶ ብለው ቢለዩት ሁለቱም በሰዓቱ ይደርሳሉ። በዋትስአፕም ያው ነው፤ ኤችዲ የሚለውን ምርጫ የሚነኩት ጥራት በእርግጥ ሲያስፈልግ ብቻ ይሁን።

«ፎቶ ይመጣልኛል፣ የእኔ ግን አይሄድም» የሚል ሰው ቅሬታውን የሚያምነው አያገኝም፤ ነገር ግን ፍጹም እውነቱን ነው። የኔትወርክ ማማ በአሥር በሚቆጠር ዋት ኃይል ሲያስተላልፍ፣ የፎርጂ ስልክ የሚያስተላልፈው ቢበዛ በ0.2 ዋት ነው። ከተራራ አናት ላይ ሆኖ የሚጣራን ጎልማሳ ሸለቆ ውስጥ ያለ ሕፃን በቀላሉ ይሰማዋል፤ የሕፃኑ መልስ ግን አናቱ ላይ ላይደርስ ይችላል። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት መሆኗ፣ የቆዩት ሰፈሮችም ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያላቸው ቤቶች የሚበዙባቸው መሆናቸው ይህን ያባብሰዋል። ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ ፎቶ ሲልክ የሚቸገር ሰው ወደ በረንዳ ወይም ወደ መስኮት ወጣ ብሎ ቢሞክር ለጥገና የሚከፍለው ገንዘብ በኪሱ ይቀራል።

ሲግናሉ ሞልቶ ፎቶ የማይሄድበት ጊዜም አለ። በስልኩ አናት ላይ የሚታዩት ዘንጎች የሚለኩት ማማው ምን ያህል ጠንክሮ እንደሚሰማ ነው፤ ማማው ላይ ቦታ መኖሩን አይናገሩም። ይህን በጥምቀት ሰሞን ከጎንደሬ የተሻለ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲለደስ የጥምቀት ባሕር ሲወርዱና በማግሥቱ ጥር 11 ሲመለሱ፣ ከአገር ውስጥም ከውጭም የመጣ ሕዝብ በዚያች ጠባብ ስፍራ ተሰብስቦ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ፎቶና ቪዲዮ ሊልክ ይሞክራል። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ካሜራውም በዝቷል። በዚያ ሰዓት የሚሳነው ስልኩ አይደለም፤ በአንድ ማማ ላይ ያለው የዳታ አቅም ለሁሉም ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው እጅግ ትንሽ ይሆናል። ላክ የሚለውን ደጋግሞ መጫን ያንኑ ፎቶ ደጋግሞ ማሰለፍ ስለሆነ ወረፋውንም ያስረዝማል፣ ጥቅሉንም ይበላል። ቪዲዮውን ለማታ ትቶ፣ አስቸኳዩን ነገር በጽሑፍ ልኮ፣ ፎቶውን ወደ ማራኪ ወይም ወደ አዘዞ አቅጣጫ ፈቀቅ ካሉ በኋላ መላክ ይሻላል።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስገርመኝ የቀን መቁጠሪያው ነገር ነው። ሰው ስልኩ የሚያሳየው ቀን ከግድግዳው ካላንደር ጋር እንዲገጥምለት ብሎ አውቶማቲክ የሚለውን አጥፍቶ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ይሞላዋል፤ በዚህም ስልኩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ስልኩ በኢንተርኔት ከሌላ ማዕከል ጋር በምስጢር ሲገናኝ የዚያን ማዕከል የማረጋገጫ ሰነድ ይመረምራል፤ ሰነዱ ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን ያገለግላል የሚል ስለሆነ፣ ራሱን በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ያስቀመጠ ስልክ ገና ሥራ ያልጀመረ ሰነድ ያየ ይመስለውና ግንኙነቱን ይዘጋል። ዋትስአፕም ድረ ገጾችም አልከፈት ይላሉ፤ ስልክ መደወልና አጭር መልእክት ግን እንደ ወትሮው ይሠራሉ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር አድርጎ በስድስት ሰዓት ማዛባት የዓመቱን ያህል ባይጎዳም፣ መልእክቶች የመጡበትን ሰዓት ያዘበራርቃል። የእኛን ዘመን አቆጣጠር በስልካቸው ማየት ለሚወዱ፣ እኔም አንዱ ነኝ፣ ስልኩን ወደ አውቶማቲክ መልሶ የኢትዮጵያን ካላንደር በተለየ መተግበሪያ መጫን ይቻላል።

ሌላው ጊዜ ጥሎብን የሄደው ነገር ቪፒኤን የሚባለው፣ የኢንተርኔት ገደብን ለማለፍ የሚጫን መተግበሪያ ነው። በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ቴሌግራምና ሌሎች የማኅበራዊ መገናኛዎች ለወራት ተገድበው በነበረበት ጊዜ ብዙ ሰው በነጻ የሚገኝ ቪፒኤን ጭኖ ነበር፤ ገደቡ ሲነሣ ግን ቪፒኤኑን ያጠፋው ጥቂቱ ነው። ነጻ ቪፒኤን የፎቶውን መንገድ በሌላ አገር በኩል አዙሮ ያረዝመዋል፤ የቪፒኤኑ ማዕከል ሲጨናነቅም ፎቶው እዚያው ይቆማል። ቁልፍ የምትመስል ምልክት ስልኩ አናት ላይ ካለች እሷን አጥፍቶ መሞከር ይገባል። ከዚያው ዓመት ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራትም ስልክ ለማሠራት የመጡ ሰዎች ነበሩ። ኢንተርኔት ከምንጩ በሌለበት ጊዜ ቴሌግራምም ኤምኤምኤስም አይሄዱም፤ የትኛውም ጠጋኝ ሊያመጣው አይችልም። የጎረቤትን ስልክ ጠይቆ የሁሉም ተመሳሳይ መሆኑን ማወቅ ነጻ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ ላንሣቸው። የስልኩ ማከማቻ ጢም ብሎ ከሞላ መተግበሪያው ፎቶውን የሚያሳንስበት ቦታ ስለሚያጣ ሳይልክ ይቀራል። በቅርብ ዓመታት የወጡ ስልኮች መተግበሪያው የትኞቹን ፎቶዎች እንዲያይ እንደሚፈቀድለት ይጠይቃሉ፤ «የተመረጡትን ብቻ» ብሎ የመለሰ ሰው አዲስ ያነሣውን ፎቶ ዝርዝሩ ውስጥ ያጣዋል። የባትሪ ቆጣቢው ሲበራ የመተግበሪያው መስኮት እንደተዘጋ የፎቶው ጭነትም ሊቆም ይችላል። የሆቴል ዋይፋይ ምልክቱ እየታየ ኢንተርኔቱ የሌለበት ጊዜ አለ፤ ዋይፋዩን አጥፍቶ በዳታ መሞከር ይለየዋል። ጥቅሉ ማለቁን ለማወቅ በኢትዮ ቴሌኮም *804# ይበቃል፤ የድምፅ ጥቅል ለፎቶ እንደማያገለግል ደግሞ አሁንም መነገር ያለበት ይመስለኛል።

ለመመርመር የሚመቸው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው እላለሁ። በመጀመሪያ በስልኩ አንድ ድረ ገጽ ከፍቶ ኢንተርኔት መኖሩን ማረጋገጥ፤ ካለ ያንኑ ፎቶ ወደ ሌላ ሰው፣ ቀጥሎም ሌላ ትንሽ ፎቶ ወደ መጀመሪያው ተቀባይ መላክ። ችግሩ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ከሆነ ጉዳዩ የተቀባዩ ነው፤ ከአንድ ፎቶ ጋር ብቻ ከሆነ የፎቶው ነው። ቀጥሎ ኤርፕሌን ሞድን አብርቶ ማጥፋት ወይም ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ስልኩ ከማማው ጋር አዲስ ግንኙነት እንዲጀምር ያደርገዋል፤ ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከዚያም ሲሙን በሌላ ስልክ ላይ አድርጎ መሞከር ጥፋቱ የሲሙና የሒሳቡ ይሁን የስልኩ ለይቶ ያወጣል። በመጨረሻ ላይ የኔትወርክ ሴቲንግን ብቻ ወደ ነበረበት መመለስ የሚል ምርጫ አለ፤ እሱ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችን ያጠፋል እንጂ ፎቶም ስልክ ቁጥርም አይነካም። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ የመተግበሪያውን ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻውን) ማጽዳትና ዳታውን ማጽዳት ጎን ለጎን የተጻፉ ቢሆኑም ውጤታቸው እጅግ የተለያየ ነው። የቴሌግራምን ዳታ ያጸዳ ሰው ከአካውንቱ ይወጣል፤ ተመልሶ ለመግባት አካውንቱ በተከፈተበት ቁጥር የሚላክ ኮድ ያስፈልገዋል። የብዙ አረጋውያንን ቴሌግራም የከፈቱላቸው ልጆቻቸው ስለሆኑ፣ አንዳንዴም ዛሬ በሌለ ሲም ስለሆነ፣ በዚህች አንዲት ንክኪ ከልጆቻቸው ጋር የሚገናኙበት መስመር ይቆረጣል።

ለጥገና ባለሙያዎች ያለኝ ጥያቄ ከባድ አይደለም። ፎርማት ማድረግ የሚያስፈልግበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ፤ ቫይረስ የወረረው፣ ሥርዓቱ የተናጋ ስልክ አለ። ነገር ግን ከዚያ በፊት ለባለቤቱ ምን እንደሚጠፋ በግልጽ ተነግሮት፣ ፎቶውና ስልክ ቁጥሩ ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም ወደ ኮምፒውተር ተገልብጦ፣ እሱም ተስማምቶ ቢሆን ይገባል። ኤፒኤን ለማስተካከል ወይም ቀኑን ወደ አውቶማቲክ ለመመለስ ተገቢ ዋጋ ማስከፈል ነውር የለበትም፤ ዕውቀት ነውና ይከፈልበታል።

ከጠጋኞቹ ይልቅ ግን በሥልጣናቸው ብዙ ሊያቃልሉ የሚችሉት የደረሰኝ ፎቶ የሚጠይቁ ተቋማት ናቸው። በከተማችን ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት ክፍያ በባንክ ወይም በቴሌብር ከተፈጸመ በኋላ «የደረሰኙን ስክሪንሾት በቴሌግራም ላኩ» ማለት ለምደዋል፤ ስክሪንሾቱ ያልደረሰላቸው ሰው እንዳልከፈለ ይቆጠራል፣ ልጁም ስሙ ካልከፈሉት ጋር ይለጠፋል። ስክሪንሾት ግን በስልክ ላይ በደቂቃ ውስጥ ሊለወጥ የሚችል ሥዕል ነው። ክፍያው ሲፈጸም ለከፋዩ የሚመጣው አጭር መልእክት፣ ለምሳሌ በቴሌብር ከ127 የሚመጣው፣ የግብይት ቁጥሩንና የገንዘቡን መጠን ይዟል፤ ተቀባዩ ተቋም ይህን ቁጥር ከራሱ ሒሳብ ጋር ማመሳከር ይችላል፣ ማመሳከርም ያለበት ፎቶውም ቢደርሰው ነው። የግብይት ቁጥር ጥቂት ፊደልና አኃዝ ብቻ ስለሆነ በአንድ አጭር መልእክት ይጠቃለላል፤ ዳታ አይፈልግም፣ ከደምቢያም ሆነ ከደባርቅ፣ ቱጂ ብቻ ካለበት ቀበሌም ይደርሳል። ስለዚህ እነዚህ ተቋማት በማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ «ፎቶ መላክ ያልቻላችሁ የግብይት ቁጥሩን በአጭር መልእክት ላኩ» የሚል መሥመርና የሚላክበትን ስልክ ቁጥር እንዲጨምሩ፣ መታወቂያን የመሰለ ፎቶው የግድ የሚፈለግበት ሰነድ ሲሆን ደግሞ ኮፒውን በእጁ ይዞ የመጣውን ሰው «በቴሌግራም ላክ» ብለው እንዳይመልሱት በጋዜጣችሁ አማካይነት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት ባለቤት፣
ፒያሳ፣ ጎንደር